«ኋላ እናስተካክለዋለን» የሚባለው ነገር
ስለ ጊታርና ቤዝ ቀረጻ ደሴ ላይ ለባንድ ልጆችና ለጀማሪ ቀራጮች ከቀረበ ንግግር ለንባብ የተሰናዳ

እንደምን አመሻችሁ። ቀረጻ ክፍል ውስጥ ከየትኛውም አዝማች በላይ የሚደጋገም አንድ አባባል አለ፤ «ግዴለም፣ ኋላ እናስተካክለዋለን»። ጊታሩ ትንሽ ወርዷል፤ ግዴለም። ቤዙ ከጀርባው ኡምምም ይላል፤ ግዴለም፣ መብራት ሳይሄድ እንጨርስ። እውነት ነው፣ አንዳንዱ ነገር ኋላ ይስተካከላል። የድምፁ መጠን፣ ኤኮው፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማድረጉ፣ ዘግይታ የገባች አንዲት ኖታ ኮምፒውተር ላይ በደቂቃ ይቃናሉ። ያልተቃኘ ክር፣ ከመብራት የገባ ጉምጉምታ፣ ጣራ ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ እና የክፍሉ ጠባይ ግን አንዴ ከገቡ አይወጡም። የዛሬው ወሬዬ ስለማይመለሱት ነው። ቤዙ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ፣ በችኮላ የሚቀረፀው እሱ ነውና።

ከክር እንነሳ። ያረጀ ክር ድምፁ እንደሚደክም ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ቅኝቱም እንደሚበላሽ ነው። ላብና እድፍ ክሩ ላይ እኩል አይቀመጥም፤ ጣት በሚበዛበት በኩል ይከብዳል፣ ፍሬት (አንገቱ ላይ የተተከለው ቀጭን ብረት) በሚበላው በኩል ይሳሳል። እንዲህ የሆነ ክር ባዶውን ሲመታ ልክ ይሆንና 7ኛው ፍሬት ላይ ሲደርስ ያፈነግጣል። መቃኛው ባዶውን ክር ሰምቶ «ልክ ነው» ቢልም ጆሮ ዘፈኑ ውስጥ «አይደለም» ካለ እመኑት።

ለኤሌክትሪክ ጊታር ከ010 እስከ 046፣ የብረት ክር ለሚይዝ አኮስቲክ ከ012 እስከ 053፣ ለባለ አራት ክር ቤዝ ከ045 እስከ 105 የተለመዱት ውፍረቶች ናቸው፤ ቁጥሩ በኢንች ሺኛ ነው። የጊታሩን ክር ከቀረጻው አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ቀይሩ። 12ኛው ፍሬት አካባቢ ይዛችሁ ሳብ ሳብ አድርጉት፣ እንደገና ቃኙት፣ መውረዱን እስኪያቆም ድገሙት። ቀረጻው ሊጀመር ሲል የታሰረ ክር ዘፈኑ እየሄደ እሱ ይወርዳል፤ ከመጀመሪያው ቅጂ ግማሹን፣ ከሁለተኛው ግማሹን ቆርጣችሁ ልትቀጥሉ ስትሞክሩ አይገጥምም። ቤዝ ላይ አዲስ ክር ግዴታ አይደለም። ለዝግተኛ ትዝታ የከረመ ክር ደብዘዝ ያለ ድምፁ ያምርበታል፤ ለፈጣን ችክችካ ግን ጣት ክሩን ሲነካ ያለችው ጥርት ያለች ድምፅ ስለምትፈለግ አዲሱ ይሻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ለናይለን ክር የተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር አትሰሩ። የናይለኑ ስብስብ ጊታሩን የሚስበው በ40 ኪሎ አካባቢ ነው፤ የብረቱ 70 ኪሎ ይደርሳል። ብሪጁ (ክሩ ሆዱ ላይ የሚያርፍበት) ከነሙጫው ይነሳል።

ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ነው። ክሩን በዚያ ፍሬት ላይ ሳትጫኑ ነክታችሁ ብቻ ሃርሞኒኩን፣ ያንን የደወል የመሰለ ቀጭን ድምፅ አውጡ፤ ከዚያ ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ተጭናችሁ የመታችሁት ከፍ ካለ፣ ብሪጁ ላይ ያለችውን የክሯን መቀመጫ በጠመንጃ መፍቻ ከአንገቱ አርቋት፤ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አቅርቧት። ስታንቀሳቅሷት ክሩን ቀድማችሁ አላሉት። ፒክአፑም (የክሩን ንዝረት በማግኔት የሚቀበለው) ለክሩ በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ወፍራሙን ክር ይስበዋል፤ ከላይኛው ፍሬቶች ላይ ሁለት ድምፅ የሚመስል መንቀጥቀጥ ይመጣል። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ በክሩና በፒክአፑ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ካለ ይበቃል።

አሁን የኛን አገር ጉዳይ ላንሳ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጠዋት ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር በብርድ ተቃኝቶ የተነሳ ጊታር የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ የብረት ክሩ በሙቀቱ ይላላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ሽቅብ ሲመለስ ተቃራኒው ነው። እንጨቱ ደግሞ ከአየሩ ጋር እርጥበት የሚለዋወጠው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ክሩ ከተረጋጋ በኋላም አንገቱ መንቀሳቀሱን ይቀጥላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጊታሩን በሚቀረፅበት ክፍል ከሳጥኑ አውጥታችሁ አንድ ሰዓት አቆዩት። አቦሉ ሲጠጣ አውጡት፣ በረካው ላይ ቃኙት። ስትቃኙም ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ይሁን፤ ካለፈባችሁ ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ውጡ። ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ባለችው ጉድጓድ እየያዘ «ቲክ» ብሎ የሚዘል ከሆነ የእርሳስ ዱቄት በጉድጓዷ ውስጥ ማሸት ያንሸራትተዋል።

አምባሰልና ባቲ ለሌላው የቅኝት ስም ናቸው፣ ለኛ የሰፈር ስምም ጭምር። ስለዚህ ይህችን ነገር እዚህ መናገር ደስ ይላል። አምባሰል ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ ብቻ ተራርቀው የተቀመጡ ኖታዎች አሉ፤ ሲ ከዲ ፍላት፣ ጂ ከኤ ፍላት። የቅኝቱ ሐዘን ያለው እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ ቤዙ ሲን ትንሽ ከፍ አድርጎ ቢመታት ጠባቧ ቦታ ትዘጋለች። ትዝታ ሜጀር ላይ ጆሮ ይቅር የሚለውን ስሕተት አምባሰል ላይ ይቅር አይልም።

ዲስቶርሽንም (የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ ማሻከር) እዚሁ ላይ ይገባል። ዲስቶርሽን ሁለት ኖታ ሲገባበት የሁለቱን ልዩነትና ድምር እየፈጠረ ይጨምራል። ሲና ጂ አብረው ሲመቱ የሚጨመረው ነገር ከኖታዎቹ ጋር ይስማማል። ሲና ዲ ፍላት ግን፣ መካከለኛው ሲ 261.6 ኸርዝ፣ ዲ ፍላቱ 277.2 ኸርዝ ስለሆነ፣ በሰከንድ 16 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ጭቃ ይሆናሉ። ስለዚህ ለአምባሰልና ለአንቺ ሆዬ የጊታሩን ጌይን (የመግቢያውን ጉልበት) ከለመዳችሁት በግማሽ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ሲቀረፅ የሳሳ የመሰለው ከሌላው መሣሪያ ጋር ሲገባ ይወፍራል። ክራር ካለበት ደግሞ ከቀረጻው በፊት ማን ለማን እንደሚቃኝ ይወሰን። ክራር በጆሮ የሚቃኝ ነው፤ የጊታር ፍሬት ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ማሲንቆ ፍሬት የለውም፣ እየሰማ ይከተላል። ጊታርና ክራር አብረው ካሉ ክራሩ ለጊታሩ ቢቃኝ ይቀላል፤ ክራሩ የዘፈኑ ነፍስ ከሆነ ግን ጊታሩ ከሱ ጋር የሚጋጩትን ኖታዎች ይተው።

ወደ ጉምጉምታው እንሂድ። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ጊታር ውስጥ የሚገባው ጉምጉምታ 50፣ 100፣ 150 እያለ የሚወጣ ነው። «ኋላ በኢኮላይዘር እንቆርጠዋለን» የሚል ሰው ቤዝ ላይ ምን እንደሚያጣ ይስማ፤ ወፍራሙ ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ያለው ጂ 49 ኸርዝ ነው። ቀጭኑ ክር በባዶው የሚሰጠው ጂ 98 ኸርዝ ነው። ጉምጉምታውን ስትቆርጡ ጂዎቹ አብረው ይሄዳሉ፤ ቤዙ ጂ ላይ ሲደርስ ጥርሱ እንደወለቀ ይሆናል።

ምንጩን መፈለግ ይሻላል። ክሩን በእጃችሁ ስትነኩ ጉምጉምታው ከቀነሰ የጊታሩ ሽቦ ደህና ነው፤ ችግሩ ከአካባቢው ነው። ስትነኩ ከጨመረ ግን ወይ የጊታሩ ሽቦ ተሳስቷል፣ ወይ ቤቱ ውስጥ ኧርዝ የለም። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉት፤ ድምፁ ከጠፋ ሌባው ተገኘ፤ ያንን ዘፈን በባትሪ ቅረፁ። ረጅሙን የፍሎረሰንት አምፖል አጥፉ። ስልኩን ከጊታሩ አርቁና በረራ ሁኔታ ላይ አድርጉት። ተቀምጣችሁ ወንበሩን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ጉምጉምታው የሚያንስበት አንድ አቅጣጫ አለው፤ ያንን አቅጣጫ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ጃዝ ቤዝ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሁለቱንም የፒክአፕ ቮልዩም እስከ መጨረሻ ክፈቱ፤ ጉምጉምታውን እርስ በርስ ይሰርዙታል። አንዱን ትንሽ ስትቀንሱ ወዲያው ይመለሳል። የፕሪሲዥን ቤዝ ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ ከ1957 ጀምሮ በራሱ ይሰርዛል።

ኮምፒውተሩ፣ ሚክሰሩ፣ አምፕሊፋየሩ ሁሉም ከአንድ ዲቫይደር ይሰኩ፤ ከሁለት ግድግዳ የመጣ መብራት የራሱን ጉምጉምታ ይዞ ይመጣል። አንድ ነገር ግን በምንም ምክንያት አይደረግም፤ ድምፁን ለማጥፋት ተብሎ የኧርዝ እግር አይቆረጥም። ጊታር በእጁ ይዞ ማይክ በከንፈሩ የነካ ሰው ሊሞት ይችላል። ማይኩ ከንፈር ላይ ከነዘረ ቀረጻው ይቁም፣ ኤሌክትሪሺያን ይጠራ።

የሳውንድ ካርዱን ጉዳይ ባጭሩ ላሳልፈው። ጊታርና ቤዝ «ኢንስትሩመንት» የሚል ምልክት ባለው መግቢያ ይግቡ፤ እሱ አንድ ሜጋ ኦም አካባቢ ነው። ላይን መግቢያ ላይ ከተሰካ ፒክአፑ ይታፈናል፣ ጥርት ያለው ድምፅ ይሞታል፣ ልጁም ጊታሩን ይሳደባል። ኬብሉ ከ3 እስከ 6 ሜትር ይብቃው፤ ሲረዝም ከላይ ያለውን ድምፅ እየበላ ይሄዳል። 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ላይ ቅረፁ፤ ልጁ ዘፈኑ ውስጥ በጣም ጠንክሮ የሚመታበትን ቦታ አስመትታችሁ የድምፅ መለኪያው መብራት ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ እንዲቆም አድርጉ። በ24 ቢት ዝቅ ብሎ መቅረፅ ምንም አያስከፍልም። ዜሮን የነካ ግን ጫፉ ተቆርጧል፤ የተቆረጠውን ማንም አይመልስላችሁም። በሄድፎን የሚሰማው ድምፅ ከዘገየ በሰዓቱ የሚጫወት ልጅ እንኳ ሰነፍ ይመስላል፤ በፈርን (ኮምፒውተሩ ድምፁን አጠራቅሞ የሚያሳልፍበትን መጠን) 1,024 ላይ ትታችሁ እንደሆነ እዩ፤ እሱ ብቻውን 21 ሚሊ ሰከንድ ነው። ወደ 128 አውርዱት። ቤዙ ባትሪ የሚበላ ከሆነ ከቀረጻ በኋላ ጃኩን ንቀሉ፤ ተሰክቶ ካደረ ዘጠኝ ቮልቱ ሲያልቅ ያድራል።

የክፍሉ ነገር ግን ባጭሩ አይታለፍም። አገራችን ክፍል ሲሠራ «አራት በአራት» ማለት ይወዳል። ለድምፅ ከዚህ የከፋ ልክ የለም። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ4 ሜትር መካከል ባሉ ሁለት ግድግዳዎች የሚመላለሰው የመጀመሪያው ድምፅ 43 ኸርዝ ነው። ርዝመቱም ወርዱም 4 ሜትር ሲሆን ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ይደራረባሉ። የቤዝ ባዶ ኢ 41.2 ኸርዝ፣ ኤፍ 43.7 ኸርዝ ነው። ስለዚህ በአራት በአራት ክፍል ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው ኤፍ ሲመታ ግድግዳው ይጮኻል፤ ክፍሉ መሐል ላይ ያለው ሰው ግን ያችኑ ኖታ አይሰማትም። ቀራጩ መሐል ተቀምጦ «ቤዙ አንሷል» ብሎ ይጨምራል። ዘፈኑ ወጥቶ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት በሩ ይንቀጠቀጣል። ቤዙ መጀመሪያውኑ ደህና ነበር፤ የተሳሳተው ቦታው ነው።

ለዚህ ነው ቤዝ በኬብል በቀጥታ ይግባ፣ በሄድፎን ይሰማ የምለው፤ በዚያ መንገድ ክፍሉ ከነአካቴው አይገባም። በእስፒከር ማየት ካስፈለገ ጆሯችሁ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ የርዝመቱ 38 በመቶ ላይ ይሁን፤ በ4 ሜትር ክፍል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ከመሐልም ከጥግም ይሻላል።

ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ ፍራሽ ለአኮስቲክ ጊታርና ለአምፕሊፋየር ይጠቅማሉ። ግድግዳው ላይ ከማጣበቅ 10 ሴንቲ ሜትር ለቆ መስቀል ይበልጣል። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግን ጋቢ አያድንም፤ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ አኮስቲክ ጊታር በጠዋት፣ ቤዝ በከሰዓቱ ዝናብ ይመደብ። ቤዙ በኬብል ስለሚገባ ዝናቡን አይሰማውም። ኮምቦልቻ ደግሞ በበጋ ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ያችም ሰዓት ለማይክ አትሆንም።

አኮስቲክ ጊታር ላይ ማይኩን ቀዳዳው ፊት አታቁሙ። ከዚያ የሚወጣው አየር 100 ኸርዝ አካባቢ ይጎርፋል፣ ድምፁ እንደ ጋን ይሆናል። አንገቱ ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት፣ 12ኛው ፍሬት አካባቢ ፊት ለፊት ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አድርጉት። አምፕሊፋየር ከሆነ በስልክ ባትሪ አብርታችሁ ከጨርቁ ጀርባ የእስፒከሩ መሐል የት እንዳለ እዩ። ሹር ኤስኤም 57ን የመሰለ ዳይናሚክ ማይክ ከጨርቁ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁም። መሐሉ ላይ ስለታም ነው፤ ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ይለዝባል። ኢኮላይዘር ከመንካት በፊት ማይኩን ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር እያንቀሳቀሳችሁ ስሙ። አምፕሊፋየሩንም ከወለል አንስታችሁ ወንበር ላይ አስቀምጡት።

ቤዝን በኬብልም በማይክም አንድ ላይ ለሚቀርፅ፤ ማይኩ ከእስፒከሩ 30 ሴንቲ ሜትር ከራቀ ድምፁ 0.9 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፣ በ48 ኪሎ ኸርዝ 42 ሳምፕል ገደማ። የማይኩን ትራክ ያን ያህል ወደ ግራ ጎትቱት። ካልሆነ ሁለቱ ይጠፋፋሉ፣ ሁለት ቤዝ ቀርፃችሁ ከአንዱ ያነሰ ታገኛላችሁ።

የቤዝ ጥሩ ድምፅ ግማሹ ኖታው የሚያልቅበት ቦታ ነው። ጀማሪ የሚያስበው ኖታዋ መቼ እንደምትጀምር ብቻ ነው። በስድስት ስምንተኛ ምት ውስጥ ኖታዋ ከበሮው ሲመታ ካልቆመች ምቱ ይደነቃቀፋል። የማይመታውን ክር በግራ እጅ ጣቶች ዳበስ አድርጎ መያዝ፣ ብሪጁ አጠገብ ከክሩ ሥር ትንሽ ስፖንጅ መወሸቅ ብዙ ያግዛል። ጠንክሮ መምታትም አያወፍርም፤ ክሩ ሲለጠጥ መነሻው ላይ ከቅኝቱ ከፍ ይላል፣ ፍሬቱንም ያንኳኳል። ለስለስ አድርጋችሁ ምቱ፣ ጌይኑን ጨምሩ። ኮምፕሬሰር (የጎላውን ድምፅ የሚያወርደው) 4 ለ1፣ አታክ (ማውረድ እስኪጀምር ያለው ጊዜ) 30 ሚሊ ሰከንድ፣ ከ4 እስከ 6 ዲሲቤል የሚቀንስ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ አታኩ ካጠረ ጣቱ ክሩን የነካባት ድምፅ ትታፈናለች።

ከዚህ በኋላ ከተሰብሳቢው የተነሱ ጥያቄዎች ናቸው።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ ብንለጥፍስ? ከላይ ያለውን ጥቂት ድምፅ ያደክማል እንጂ ቤዝ አይነካም፣ የጎረቤትንም ድምፅ አያግድም። እሳት ግን በደንብ ይይዛል። ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ይሻላችኋል።

አምፕሊፋየር የለንም፣ ኮምፒውተር ላይ በፕለጊን (አምፕሊፋየርን በሚተካ ፕሮግራም) እንሠራለን፤ ዲስቶርሽኑ ግን እንደ ንብ ይጮኻል። አብሽሩ፣ የጎደለው እስፒከሩ ነው። ባለ 12 ኢንች የጊታር እስፒከር ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ብዙውን አያወጣም፤ ንቧ ያለችው እዚያ ነው። ከአምፑ ፕለጊን ቀጥሎ የካቢኔት ፕለጊን አስገቡ። እሱም ካጣችሁ በ5 ኪሎ ኸርዝ ላይ በኢኮላይዘር ዝጉ፣ ከታችም ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለቤዙ ልቀቁለት።

አንዱን ጊታር ኮፒ አድርገን ግራና ቀኝ ብናደርገው ይሰፋል? አይሰፋም፣ ይጮኻል ብቻ። ልጁ ራሱ ሁለት ጊዜ ይጫወተው። የሚያሰፋው በሁለቱ አጨዋወት መካከል ያለችው ጥቂት ልዩነት ነች።

ከበሮው ሲገባ ቤዙ ይጠፋል። ሁለቱን ብቻቸውን ክፈቱና የቤዙን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡ፤ ወፍራም የሚሆንበት ላይ ተዉት። ካልተፈታ ከሁለቱ አንዱ ከሥር፣ ሌላው ከላዩ ይቀመጥ፤ ከበሮው ትልቁ ፊቱ የሚያጉረመርምበትን ቦታ ፈልጋችሁ ከቤዙ ላይ እዚያው ቦታ 3 ዲሲቤል አንሱ።

ቤዙ በሄድፎን ያምራል፣ በስልክ ሲከፈት የለም። የስልክ እስፒከር 41 ኸርዝን ጨርሶ አያወጣም፤ 82ንም፣ 123ንም ቢሆን በጭላንጭል ነው። ከሥር መጨመር ባትሪ ከመብላት በቀር ለውጥ የለውም። ሰው ስልኩ ላይ ቤዝ የሚሰማው ከ700 እስከ 1,000 ኸርዝ ባለው በኩል ነው፤ ጆሮ ከላይኞቹ ተነስቶ ሥሩን ራሱ ይሞላዋል። የቤዙን ትራክ አባዙት፣ በሁለተኛው ላይ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡና ጥቂት ዲስቶርሽን ስጡት፣ ከመጀመሪያው ሥር ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ አስገቡት። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ወደ በሩ ሂዱና ከዚያ ስሙት።